የገጠር መንደር ታሪክና የሕዝብ ቁጥር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ስለ አንድ ገጠር መንደር አነሣሥና ስለ ነዋሪው ብዛት ለመጻፍ ለተነሡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአማራ ክልል ደጋና ወይና ደጋ የተወሰዱ ናቸው። የርስቱ ሥርዓትም ሆነ የቀበሌው አደረጃጀት በሌላ ክልል የተለየ መልክ ስላለው ለደቡብ ወይም ለአርብቶ አደር አካባቢ እንዳለ አይገለበጥም።

መንደራችን በመንግሥት የሕዝብ ቆጠራ ውስጥ በስሙ የለም። ለምን?

ቆጠራው የሚያውቀው ቀበሌን ነው። ሰው «መንደሬ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ጎጥ ነው፤ አንድ ቀበሌ ደግሞ ብዙ ጎጦችን ይይዛል። ለቆጠራ ሥራ ሲባል ቀበሌው «የቆጠራ ቦታ» ወደሚባሉ ክፍሎች ይሸነሸናል። በገጠር አንዱ የቆጠራ ቦታ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ እንዲይዝ ተደርጎ ይታቀዳል፤ ድንበሩም የሚሰመረው በጎጥ ስም ሳይሆን በወንዝ፣ በመንገድና በሸንተረር ነው። ስለዚህ ጎጣችሁ ለሁለት ተከፍሎ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ተደርቦ ሊሆን ይችላል።

ነገሩን የሚያወሳስበው የቀበሌው ስም ነው። አንዳንዱ ቀበሌ የሚጠራው ከውስጡ ባለ አንድ ጎጥ ስም፣ አንዳንዱ በደብሩ ስም፣ አንዳንዱም በሁለት ጎጦች ጥምር ስም ነው። የቀበሌውን ቁጥር አንሥቶ የጎጡ አድርጎ መጻፍ በዚህ ሥራ ከሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ የበዛው ነው፤ 110 አባወራ ያለው ጎጥ በወረቀት ላይ የ5,000 ሰው መንደር ሆኖ ይገኛል። ከማንኛውም ቁጥር በፊት አንድ ገጽ ላይ ረቂቅ ካርታ ሥሩ፤ በስተምሥራቅ የትኛው ወንዝ፣ በስተምዕራብ የትኛው ጥርጊያ፣ የማን ማሳ ዳር ድረስ የሚለውን ጻፉበት። ቁጥሩ የዚያ ካርታ ቁጥር ነው።

የትኞቹን ቆጠራዎች ማግኘት እንችላለን?

አገር አቀፍ ቆጠራ እስካሁን ሦስት ጊዜ ተደርጓል፦ ግንቦት 1 ቀን 1976፣ ጥቅምት 1 ቀን 1987 እና ግንቦት 20 ቀን 1999 ዓ.ም.። የሦስተኛው በአፋርና በሶማሌ ክልሎች የተካሄደው ኅዳር 2000 ነው። አራተኛው በተደጋጋሚ ተላልፏል። ስለዚህ ከ1999 ወዲህ ያለ ማንኛውም የወረዳ ወይም የቀበሌ «ሕዝብ ብዛት» የተሰላ ትንበያ ነው፤ ቤት ለቤት የተቆጠረ አይደለም። ጽሑፋችሁ ውስጥ «በ2014 የተቆጠረ» የሚል ሐረግ ካለ አውጡት።

የ1976ቱን በጥንቃቄ ያዙት። በጸጥታ ምክንያት ያልተደረሰባቸው ገጠሮች ስለነበሩ የእነዚያ ቁጥር በግምት የተሞላ ነው። የ1999ኙ ደግሞ ለአማራ ክልል 17.2 ሚሊዮን ሰው ሲያሳይ ከተጠበቀው በጣም አንሶ በመገኘቱ በፓርላማ ሳይቀር አከራክሯል። ክርክሩ እናንተ ዘንድ አንድ ጥቅም አለው፤ ከ1987 ወደ 1999 ጎጣችሁ «የቀነሰ» መስሎ ከታየ ሰው አለቀ ወይም ተሰደደ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የቆጠራውንም የድንበሩንም ነገር አጣሩ።

ሰነዱ የሚገኘው በቀድሞ ስሙ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ አሁን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ስትጠይቁ የክልሉን፣ የዞኑን፣ የወረዳውንና የቀበሌውን ስም በቆጠራው ዘመን እንደነበረው ጻፉ፤ አሁን ባለው ስም ብቻ ከጠየቃችሁ «የለም» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

በ1987 እና በ1999 የቀበሌያችን ስም አንድ ነው። በቀጥታ ማወዳደር እንችላለን?

ድንበሩ ሳይጣራ አይቻልም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 1967 አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም ለአንዱ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለትም 800 ሄክታር ያህል ስፋት አስቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለትና ሦስት የገበሬ ማኅበራት ተጨፍልቀው አንድ ቀበሌ የሆኑበት ቦታ ብዙ ነው፤ ቀበሌዎቹ ከወረዳ ወረዳ የተዘዋወሩበትም አለ። ስሙ የአንዱ ሆኖ ይቀጥላል፣ መሬቱ ግን እጥፍ ይሆናል። ይህን የሚያውቁት የቀድሞ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መናብርትና ግብር ሰብሳቢዎች ናቸው። «እናንተ ሊቀ መንበር በነበራችሁ ጊዜ ግብር ለመክፈል ከየት እስከ የት ያለው ሰው ይመጣ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ድንበሩ የት ነበር?» ከሚለው ይልቅ ጥርት ያለ መልስ ይገኝበታል።

ቀበሌው አንድ ቁጥር፣ ጤና ኬላው ሌላ ቁጥር፣ ደብሩ ሌላ ቁጥር ይሰጠናል። የቱን እንመን?

ሦስቱም የተለያየ ነገር ስለሚቆጥሩ ማንም እየዋሸ ላይሆን ይችላል።

ቀበሌው በእጁ ያለው በአመዛኙ የግብር ከፋይ ዝርዝር ነው። እዚያ ውስጥ ያለው መሬት በስሙ ያለው ሰው ነው። ጎጆ ወጥቶ፣ ሁለት ልጅ ወልዶ፣ አሁንም ከአባቱ ማሳ እኩል የሚያርስ ወጣት ከዝርዝሩ ውጭ ነው። በአንጻሩ ከተማ ከገባ አሥር ዓመት የሆነው፣ መሬቱን ያከራየ ሰው በውስጡ አለ። የቀበሌ ቁጥር እንደ ጉዳዩም ይለዋወጣል፤ ማዳበሪያ፣ ዕርዳታ ወይም ሴፍቲኔት ሲመጣ ከፍ፣ መዋጮ ሲመጣ ዝቅ ይላል። ይህ የሁሉም ቀበሌ ጠባይ ነው ባንልም ቁጥሩ ለምን ጉዳይ እንደተሠራ ሳይጠይቁ መውሰድ አይገባም።

ጤና ኬላ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ አንዱን ከሌላው ለዩ። የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ነው። እርሱ ከወረዳ የወረደ ትንበያ ነው፤ እርጉዞች፣ ከአንድ ዓመት በታች ያሉ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ የሚባሉትም ከዚያው ድምር በመቶኛ ተባዝተው የወጡ ናቸው። ሁለተኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚሞሉት የቤተሰብ ፎልደር ነው። ይህ በስም ነው፤ በትክክል ከታደሰ በቀበሌው ውስጥ ከሚገኙት ሰነዶች ሁሉ የሚበልጥ እርሱ ነው። ችግሩ እድሳቱ ነው፤ የሞተው ሳይሰረዝ፣ ያገባችው ወደ ባሏ ጎጥ ሳትዛወር ይቆያል። አሥር ፎልደር በዘፈቀደ አውጥታችሁ ከቤቶቹ ጋር አመሳክሩ፤ ከአሥሩ ሦስቱ ካልገጠሙ በጠቅላላው ላይ አትመኩ። የፎልደሩ የጤና መረጃ ምስጢር መሆኑንም አትርሱ። የምትጠይቁት የራስ ቁጥርን ብቻ ነው።

የደብሩ ቁጥር የሰበካ ጉባኤ አባላት ቁጥር ነው። ሙስሊሙን አይጨምርም፤ ከተማ ተቀምጦ መዋጮ የሚልከውን ግን ይጨምራል። አጥቢያው ከጎጡ ሰፍቶ የሁለት ቀበሌ ሰው የሚያገለግልበት ቦታም ሞልቷል። የእድር መዝገብ ከዚህ የተሻለ ነው፤ ቀብር የሚወጣውን ሰው በስም የሚያውቅ እድር ነውና።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ነሐሴ 2008 ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ሕጉ ያዛል። በገጠር ግን ልደቱ ለትምህርት ቤት ወይም ለጉዞ ሰነድ ሲፈለግ ዘግይቶ ይመዘገባል፤ ሞቱ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይመዘገብም። ሞትን ከዚህ መዝገብ ብትቆጥሩ መንደራችሁ ሰው የማይሞትበት ይመስላል።

ራሳችን ብንቆጥርስ? ምን ይጠይቃል?

እስከ 150 ቤት ድረስ ያለ ጎጥ በሦስት ቀን ያልቃል። ሥራው የሚያዘው በጥንድ ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል። አንድ ጥንድ በቀን ከ15 እስከ 20 ቤት ያዳርሳል፤ ስለዚህ ለ120 ቤት ከሦስት እስከ አራት ጥንድ ለሁለት ቀን፣ ሦስተኛው ቀን ደግሞ ሰው ላልተገኘባቸው ቤቶች። ከየጥንዱ አንዱ የጎጡ ሰው ይሁን፣ ሌላው ግን አይሁን። ሁለቱም የጎጡ ልጆች ሲሆኑ «የእገሌን ቤት እኔው አውቀዋለሁ» እያሉ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይሞሉታል። ከመጀመራችሁ በፊት ለቀበሌው አስታውቁ፤ ደብዳቤ ካላችሁም ያዙ። ሳይነገረው በር ላይ ስም የሚጽፍ ሰው ያየ አርሶ አደር አንድም ግብር አንድም የመሬት ሽንሸና መጣ ብሎ ይደናገጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ቁጥር አይረባም።

ወሩን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር ወጣቱ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ የቀረውም አዝመራ ላይ ነው። ጥርና የካቲት መጀመሪያ ሠርግ ስለሚበዛ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ሙሽራይቱም በሁለት ቤት ትቆጠራለች። ክርስቲያን በበዛበት መንደር የሚመቸው መጋቢት ነው፤ ውቂያ አልቋል፣ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ሠርግ የለም፣ ሰው ቤቱ ነው። ሙስሊም በበዛበት ረመዳን የት እንደሚውል አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

አንድ የመቁጠሪያ ሌሊት ወስኑ፤ ለምሳሌ የቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት። በየቤቱ የምትሞሉት የቤት ቁጥር፣ ስም ከነአባት፣ ከአባወራው ወይም ከእማወራዋ ጋር ያለው ዝምድና፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የተወለደበት ቦታ፣ በዚያች ሌሊት የት እንዳደረ፣ ከሄደም ስንት ወሩ እንደሆነ ነው። ነዋሪ የሚባለው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የኖረ ወይም ለመኖር የመጣ ነው ብላችሁ ያዙ፤ የመንግሥት ቆጠራም የሚሠራው በዚሁ ስለሆነ ለማወዳደር ያመቻል። የተቆጠረ ቤት መቃን ላይ በኖራ ቁጥር ይጻፍበት።

«ስንት ልጅ አላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የሞተውም፣ ዐረብ አገር ያለችውም፣ አዲስ አበባ ያለውም በመልሱ ውስጥ ይገባል። ልጅን በቁጥር መናገር የማይወዱ እናቶችም አሉ፤ ዐይን እንዳይገባ ብለው አንዱን ይተዉታል። «ትላንት ሌሊት እዚህ ቤት ማን ማን አደረ?» ብላችሁ በስም አስጠሩ።

ከቆጠራ የሚዘለሉት እነማን ናቸው?

ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን፣ በዓመት የተቀጠረ እረኛ፣ በደብሩ ዙሪያ ጎጆ ያላቸው የቆሎ ተማሪዎች፣ በልጃቸው ግቢ ጥግ ለብቻቸው የሚኖሩ አሮጊት፣ የታመመና ከጓዳ የማይወጣ ሰው። ሁለት ጊዜ የሚቆጠሩት ደግሞ ወረዳ ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩና በየሳምንቱ ስንቅ ለመውሰድ የሚመለሱ ልጆች፣ እንዲሁም በፍቺ መካከል ያሉ ባልና ሚስት ናቸው።

ድምሩ ሲወጣ ሕፃናቱን አረጋግጡ። በገጠር ከሺህ ሰው በዓመት 30 አካባቢ ልጅ ይወለዳል፤ 500 ሰው ባለበት ጎጥ ከአንድ ዓመት በታች ያሉት ወደ 15 መጠጋት አለባቸው። አራት ካገኛችሁ ቤቶቹን ተመልሳችሁ ማየት አለባችሁ።

ከሳተላይት ፎቶ ላይ ጣሪያ ቆጥሮ በአማካይ ማባዛትስ?

ለመነሻ ይሆናል። በ1999ኙ ቆጠራ የአማራ ክልል ገጠር አማካይ የቤተሰብ መጠን 4.5 ሰው ነበር። ሥጋቱ ያለው ጣሪያው ላይ ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ መኖሪያው፣ ማድ ቤቱ፣ የከብት ቤቱና ጎተራው እያንዳንዳቸው ጣሪያ አላቸው። የቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ የሣር ክዳኑ ከዛፍ ጥላና ከጭድ ክምር ጋር ይመሳሰላል። በጎጡ ውስጥ 20 ግቢ በአካል ሄዳችሁ ከፎቶው ላይ የቆጠራችሁትን ጣሪያ ከቤተሰቡ ቁጥር ጋር አነጻጽሩ። ለ20 ቤተሰብ 52 ጣሪያ ቢወጣ አካፋዩ 2.6 ነው፤ በጎጡ 286 ጣሪያ ካለ 110 ቤተሰብ ገደማ፣ በ4.5 ሲባዛ 495 ሰው። ስትጽፉት «ወደ 500» በሉት። 495 ብሎ መጻፍ ያልተቆጠረውን የተቆጠረ ያስመስላል።

ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን 60፣ 70፣ 80 እያሉ ነው የሚናገሩት። ምን ይደረግ?

ይህ የአገሪቱ ቆጠራዎች ሁሉ ሕመም ነው። የእናንተ መረጃ ምን ያህል እንደተጎዳ ለማወቅ ዕድሜያቸው ከ23 እስከ 62 የሆኑትን ሁሉ ቁጠሩ፤ ከእነርሱ ውስጥ ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀውን ለይታችሁ በ5 አባዙ፣ ለጠቅላላው አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። 100 ከወጣ ምንም መከማቸት የለም፤ 500 ከሆነ ሁሉም እየገመተ ነው። ከ175 በላይ ከሆነ ዕድሜን በአንድ ዓመት ልዩነት ማተም ዋጋ የለውም፤ በአሥር በአሥር ዓመት ጠቅልሉት።

ለማረም የሚያገለግለው የክስተት መቁጠሪያ ነው። አገር ያወቃቸውን ዓመታት በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሩ፦ የኅዳር በሽታ (1911)፣ የጣሊያን መግባትና መውጣት (1928 እና 1933)፣ ትልቁ የወባ ወረርሽኝ (ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951)፣ የጎጃም ገበሬ በግብር ምክንያት ያመፀበት (1960)፣ የመሬት አዋጅ (የካቲት 1967)፣ መሠረተ ትምህርት (1971)፣ የ1977 ድርቅ፣ የመንደር ምሥረታ፣ የደርግ መውደቅ (ግንቦት 1983)፣ በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ (1989)። በመካከል የጎጡን የራሱን ክስተት ጨምሩ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ የለበሰበት፣ ወንዙ ድልድዩን የወሰደበት፣ ትምህርት ቤቱ የተከፈተበት። «ያኔ አግብተው ነበር? የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዷል?» እያላችሁ አጥብቡ።

ከዚህ የበለጠ የሚያጠብላችሁ ዓመቱ የሚጠራበት ወንጌላዊ ነው። ብዙ ሽማግሌ ዓመተ ምሕረቱን ባያውቅም «በዘመነ ሉቃስ» ይላል። የዓመቱን ቁጥር ለ4 አካፍሉ (5500 መደመሩን መተው ይቻላል፤ እርሱ ራሱ ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል)። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ። አንዲት እናት «ወባው ሊያልቅ ሲል፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ኅዳር ሚካኤል ዕለት ተወለድኩ» ቢሉ 1951 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ነው፤ ወባውም ልክ ገጠመ። ኅዳር 12 ቀን 1951። መጋቢት 2017 ላይ 66 ዓመታቸው ነው፤ ሲጠየቁ ግን «ሰባ» ብለው ይሆናል።

ደብሩ የክርስትና መዝገብ ካለው ደግሞ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ እንደምትጠመቅ አስባችሁ ከጥምቀቱ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ።

መንደሩ መቼ ተመሠረተ? «የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት» ይሉናል።

ሦስት ጥያቄዎችን አትቀላቅሉ፦ መሬቱ መቼ ቀና፣ ታቦቱ መቼ ገባ፣ ጎጡ አሁን ባለበት ቦታ መቼ ሰፈረ። ታቦቱ ከሰፈራው መቶ ዓመት ዘግይቶ ሊገባ ይችላል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞ መንደሩ ጠፍቶ እንደገና የቀናበትም አለ። በተለይ ከ1881 እስከ 1884 የነበረው ክፉ ቀን ብዙ አገር አስፈትቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሰፋሪ ራሱን የመጀመሪያ አቅኚ አድርጎ መናገሩ የተለመደ ነው።

ርስት በነበረበት አገር የመሬት ድርሻ የሚገኘው ከዋናው አባት በመወለድ ስለነበር ሽማግሌዎች ትውልድ ቆጥረው ያውቃሉ። ለአንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ያዙ። በ1937 የተወለዱ ሰው ከራሳቸው በላይ ሰባት አባት ቆጥረው ዋናው አባት ላይ ቢደርሱ ዋናው አባት የተወለዱት ከ1727 እስከ 1762 ባለው ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ጎልምሰው መሬት ያቀኑት ከዚያ 25 ዓመት ገደማ በኋላ። ይህ ግምት በሁለት በኩል ይሳሳታል። ታዋቂ ያልነበሩ አባቶች ይዘለሉና ዘመኑ ያጥራል፤ ወይም ለርስት ሙግት ሲባል ትውልዱ ከታወቀ ሰው ጋር ተቀጥሎ ይረዝማል። የርስት ቆጠራ በእናትም በአባትም ስለሚሄድ መካከል ላይ ያሉት ስሞች ሁሉ ወንዶች ከሆኑ የሆነ ነገር ተቆርጧል ብላችሁ ጠርጥሩ። ቢያንስ ሦስት ሽማግሌዎችን ለየብቻ፣ ከተለያየ ወገን ጠይቁ። አብረው ከተቀመጡ ታላቁ ይናገራል፣ ሌሎቹ «እንዲያ ነው» ይላሉ።

የጽሑፍ ማስረጃ ከየት ይገኛል?

ከደብሩ ጀምሩ። በአሮጌ ወንጌሎችና ገድላት ኅዳግ ላይ፣ ባዶ በነበሩ ቅጠሎች ላይ የጉልት (ከመሬት ግብር የመሰብሰብ መብት) ስጦታ፣ የርስት ክርክር፣ የሽያጭ ውል ተጽፎ ይገኛል፤ የንጉሡና የአለቃው ስም ስለሚጠቀስ ዘመኑን ለመያዝ ከምንም ይሻላል። ፈቃድ የሚጠየቀው ከደብሩ አስተዳዳሪና ከቄሰ ገበዙ ነው። መጽሐፉን የሚገልጠው ካህኑ ይሁን፤ እናንተ ያለ ብልጭታ ፎቶ አንሡ፣ አንዱን ቅጂ ለደብሩ መልሱ። የመጽሐፉን ማስቀመጫ ቦታ በጽሑፋችሁ አትግለጹ፤ ሌባም ያነባል።

ከቤት ደግሞ የግብር ደረሰኝ። በመሶብ ሥር፣ በቀንድ ውስጥ፣ በቆዳ ስልቻ የተቀመጠ የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ደረሰኝ የከፋዩን ስም፣ የመሬቱን ስምና ወረዳውን ይይዛል። መሬቱ በጋሻ ካልተጻፈ አትደነቁ፤ በጎጃምና በበጌምድር የጋሻ ልኬት ተቀባይነት አላገኘም። የአሁኑ የይዞታ ደብተር ከዚያ በላይ ይናገራል፤ የባልና የሚስት ፎቶ፣ የማሳው ስምና አዋሳኙ አለበት። የማሳ ስሞች የጠፉ ሰፈሮችን ይጠቁማሉ፤ «እገሌ ኦና» የሚባል እርሻ አንድ ጊዜ ቤት ነበረበት።

በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት የተዘጋጁት 1፡50,000 ካርታዎችና በ1950ዎቹ የተነሡ የአየር ፎቶግራፎች ጎጡ ያኔ የት እንደነበረ ያሳያሉ። ሥራው አሁን በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ በመንደር ምሥረታ ወደ አንድ ሜዳ የተሰበሰቡ ቤቶች ከ1982ቱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለውጥ በኋላ በአብዛኛው ፈርሰው ሰው ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመልሷል። የዚያን ዘመን ካርታ ብቻ ያየ ሰው መንደሩ «ተዛወረ» ብሎ ይጽፋል።

የመንደሩ ስም ትርጉም?

ሰው የሚነግራችሁን ጻፉ፤ ግን «ነዋሪዎች እንደሚሉት» በሉት። ንጉሥ ሲያልፍ እንዲህ ብሎ ስለተናገረ የሚል ታሪክ በየመንደሩ አለ። ስሙ ከአማርኛ በፊት በአካባቢው ከተነገረ ቋንቋ፣ ለምሳሌ በጎንደር ዙሪያ ከቅማንትኛ፣ በሰሜን ወሎ ዳርቻ ከኽምጣኛ ሊሆን ይችላልና የአማርኛ ፍቺ ገጠመ ተብሎ አይዘጋም።

ስለ አንድ መንደር ሁለት የመመሥረቻ ዓመት ተጽፎ አገኘን። ማንኛው ነው?

መጀመሪያ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መሆኑን እዩ። ጥሩ ምሳሌ አውራምባ ናት፤ ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ፣ በዙምራ ኑሩ የተመሠረተችው። አንዱ ጽሑፍ በ1972 ሌላው በ1980 ተመሠረተች ይላል፤ ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር። ማኅበረሰቡ የሚናገረው 1964 ዓ.ም. በአውሮፓ 1972 ነው። ያን «1972» የኢትዮጵያ መስሎት እንደገና የቀየረ ሰው 1980 ላይ ይደርሳል። የስምንት ዓመቱ ልዩነት አካሄዱን ያሳብቃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ደምሩ፤ በጽሑፋችሁ ሁሉ አንዱን አቆጣጠር ብቻ ያዙ።

የአውራምባ የሕዝብ ታሪክም ትምህርት አለው። በ19 ሰዎች ተጀመረች ይባላል፤ በደርግ መጨረሻ ዓመታት ነዋሪዎቹ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደው በ1985 ሲመለሱ መሬታቸው ተይዞ 17.5 ሄክታር ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ወደ ሽመና ያዘነበሉት ስለዚህ ነው። ዛሬ ጥቂት መቶ ሰው ነው ያለባት። ሰንጠረዥ ላይ «19» እና «ጥቂት መቶ» ጽፎ በመስመር የሚያገናኝ ሰው መካከል ላይ መንደሪቱ ባዶ የነበረችባቸውን ዓመታት ያጣቸዋል።

ነዋሪዎቹ ሁሉ የሄዱበት መንደርስ እንዴት ይጻፋል?

በጎንደር ዙሪያ የቤተ እስራኤል መንደሮች የነበሩት እንደ አምቦበርና ወለቃ ያሉት እንዲህ ናቸው። በ1977 እና በግንቦት 1983 በተካሄዱት ጉዞዎች፣ በመካከልና በኋላም ነዋሪዎቻቸው ወደ እስራኤል ሄደዋል። አሁን እዚያ ያለው ሰው ታሪኩን የሚያውቀው በጎረቤትነት ነው፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች ያሉት እስራኤል ነው፤ ቃለ መጠይቁም የሚደረገው እዚያ ነው። ቁጥሩን ስትጽፉ የድሮውንና የአሁኑን በአንድ ተከታታይ ረድፍ አታድርጉ። ሁለት ማኅበረሰብ ነው።

በ2.6 በመቶ እያሳደግን የዛሬውን ቁጥር ማውጣት እንችላለን?

2.6 በመቶ ከ1987 እስከ 1999 ያለው የአገሪቱ አማካይ ዓመታዊ ዕድገት ነው፤ የአማራ ክልል በዚያው ጊዜ 1.7 ነበር። ልዩነቱ ትንሽ አይምሰላችሁ፤ በ1999 ላይ 400 ሰው የነበረበት ጎጥ ከ18 ዓመት በኋላ በ1.7 ስሌት 542፣ በ2.6 ስሌት 635 ይሆናል። መሬት ያለቀበት ጎጥ ደግሞ ከሁለቱም በታች ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ይወለዳሉ፣ 18 ሲሞላቸው ይሄዳሉ። ለወረዳ ትንበያ ይሠራል፤ ለ100 ቤት ጎጥ መቁጠር ይቀላል።

ምን ባንጽፍ ይሻላል?

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የትውልድ ሐረግን ከማሳ ጋር አያይዛችሁ አታትሙ፤ ርስት ከቀረ ሃምሳ ዓመት ቢሞላውም የወሰን ክርክር አልቀረም፣ የእናንተ ገጽም በሽምግልና ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ሁለተኛ፣ የሸማኔ፣ የሸክላ ሠሪ፣ የብረት ቀጥቃጭ ወይም በባርነት የነበረ ሰው ዘር የተባሉ ቤተሰቦችን በስም አትጥቀሱ። ሙያው የመንደሩ ታሪክ ስለሆነ ይጻፍ፤ ማን ከማን ተወለደ የሚለው ግን ዛሬም ጋብቻ ያስከለክላል።

የተጠናቀቀውን የት እናስቀምጥ?

በቁጥሩ ፊት ቀኑን፣ ድንበሩን፣ የቆጠረውን ወገንና ነዋሪ ያላችሁት ማንን እንደሆነ አስቀድሙ። ስም ያለበት የመቁጠሪያ ቅጽ አይታተምም፤ ታሽጎ ከሁለት ሰው በማይበልጥ እጅ ይቆይ። ጽሑፉን በወረቀት አትማችሁ አንድ ለቀበሌው፣ አንድ ለደብሩ ወይም ለመስጊዱ፣ አንድ ለትምህርት ቤቱ ስጡ። ስልክ ላይ ብቻ የቀረ ቅጂ ከስልኩ ጋር ይጠፋል።